ውኃ የሌለው ወንዝ ምን ያስተምራል?

ምስጋና ሁሉ ሰማያትንና ምድርን ለፈጠረው ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነብያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ለሥራ ጉዳይ ድሬዳዋ በሄድኩበት ጊዜ የገጠመኝ አንድ ምሽት ነው። የድሬዳዋን የቀን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ምሽቷ ለምን እንደሚወደድ ማስረዳት አያሻውም። አስር ከሰገድኩ በኋላ ከከዚራ ዛፎች ጥላ ወጥቼ ከዚራንና መጋላን ወደሚለየው ወደ ደቻቱ ወንዝ አመራሁ። በወንዝ ዳር ትንሽ ልናፈስ፣ አእምሮዬንም ላሳርፍ ነበር ሐሳቤ።

ስደርስ ግን ያየሁት ሰፊ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ ከገበያ የሚመለሱ እናቶች ዘንቢላቸውን ይዘው በወንዙ መሐል ይሻገራሉ። ከግንቡ አጠገብ ሙስበሃቸውን የሚቆጥሩ አንድ አዛውንት ተቀምጠው ነበር። ሰላምታ ሰጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩና እንደ ቀልድ፣ «አባባ፣ ወንዝ ነው ብለውኝ መጥቼ ይኸ እኮ አሸዋ ብቻ ነው» አልኳቸው። እርሳቸውም ፈገግ አሉና፣ «ልጄ፣ ዛሬ ቀን የጠጣኸው ውኃ ከየት የመጣ መሰለህ?» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ውድ አንባቢ ሆይ! ዩኒቨርሲቲ ድረስ ተምሬያለሁ፤ ግን ከተቀመጥኩበት ሆኜ ያን አሸዋ በሌላ ዓይን ለማየት የአንድ አዛውንት ጥያቄ አስፈለገኝ።

እስቲ አብረን እናስተውል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ቆላ ናት። ከበላይዋ ያለው የሐረርጌ ደጋ ደግሞ ከ2,000 ሜትር ያልፋል። ዝናቡ በደጋው ላይ ይጥላል፤ ጎርፉ በገደሉ ተንደርድሮ ይወርዳል፤ በሰዓታት ውስጥም አልፎ ይሄዳል። ሁሉም ግን አይሄድም። ከፊሉ በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል ሰርጎ ይቀራል። አሸዋው ያጠራዋል፤ የላይኛው ንጣፍ ከደረቀ በኋላም ክዳን ሆኖት ፀሐይ እንደ ኩሬ ውኃ እንዳትመጠው ይከላከልለታል። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝም ሆነ ሐይቅ የሌላት ይህች ከተማ ለረጅም ዘመን የኖረችው ከከርሰ ምድር በሚወጣ ውኃ ነው። እኔ ባዶ ያልኩት ምድር ለካ ጎተራ ኖሯል!

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሙእሚኑን (23፡18) ውኃን ከሰማይ በልክ አውርዶ በምድር ውስጥ እንዳስቀመጠውና ሊወስደውም ቻይ እንደሆነ ይነግረናል። በሱረቱል ሙልክ መጨረሻ (67፡30) ደግሞ ውኃችን ወደ ምድር ጠልቆ ቢጠፋ የሚፈስ ውኃ ማን ሊያመጣልን እንደሚችል ይጠይቀናል። ይህቺን ሱራ በየማታው የምንቀራ ስንቶች ነን? ጥያቄዋ ለእኛ እንደቀረበ ቆጥረን ለመመለስ የሞከርንስ?

ኢስላም ይህን ዓይነቱን አስተያየት ተፈኩር ይለዋል። በሱረቱ ኣሊ ዒምራን (3፡190-191) የአእምሮ ባለቤቶች ቆመውም፣ ተቀምጠውም፣ ተጋድመውም አላህን የሚያወሱ፣ በሰማያትና በምድር አፈጣጠርም የሚያስተነትኑ ሆነው ተገልጸዋል። እነዚህ አንቀጾች በወረዱበት ሌሊት ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቢላል (ረ.ዐ.) ለሱብሒ ሊጠራቸው እስኪመጣ ድረስ ሲያለቅሱ እንዳደሩ፣ አንብቧቸው ለማያስተነትን ሰውም ወዮለት እንዳሉ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) አውርተዋል፤ ኢብን ሒባን ዘግበውታል። ኢማም አል-ገዛሊም በ«ኢሕያእ» ውስጥ ለተፈኩር ራሱን የቻለ ክፍል ሰጥተውታል። እንግዲህ ተፈኩር ሥራ ፈት የሚያሳልፍበት መዝናኛ ሳይሆን ዒባዳ ነው። የእኛ የከተሜዎች ችግር ቁርኣንን እያነበብን፣ ቁርኣን ተመልከቱ ያለንን አለመመልከታችን ነው።

ሆኖም ተፈኩር በውበት መደነቅ ብቻ አይደለም። አዛውንቱ የተደገፉትን ግንብ በእጃቸው መታ መታ አድርገው፣ «ይኼ ከዚያ ሌሊት በኋላ የመጣ ነው» አሉኝ። የትኛው ሌሊት እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ሰዉ በተኛበት፣ ይኸው ደቻቱ ከደጋው በወረደ ጎርፍ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ነጥቋል፤ በሺህ የሚቆጠሩትንም ያለ ቤት አስቀርቷል። ልጆቹ ኳስ የሚያንከባልሉበት ያ አሸዋ፣ ውኃ የሚያጠራቅመው ያ ጎተራ፣ ያው ራሱ ነው!

እዚህ ላይ ምላሳችንን ልንጠብቅ ይገባል። የሞቱትን በኃጢአታቸው ነው ለማለት ማንም ሥልጣን የለውም። እንዲያውም ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በውኃ ሰምጦ የሞተን አማኝ ከሸሂዶች ቆጥረውታል። ትምህርቱ ለቀረነው ለእኛ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ደመና ባዩ ጊዜ ፊታቸው ይለዋወጥ፣ ይወጡ ይገቡ እንደነበር፣ ሲዘንብም ጭንቀታቸው ይለቃቸው እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ተስፋና ፍርሃት በአንድ ልብ ውስጥ ማለት ይህ ነው። ግመሏን አስሮ በአላህ እንዲመካ የተመከረው ሰው ታሪክም ሌላውን ግዴታ ያስታውሰናል። ዛፉን ከተራራው መንጥረን፣ በጎርፍ መውረጃ ላይ ቤት ሠርተን፣ ወንዙን በቆሻሻ ደፍነን ስናበቃ ቀደር ነው ብሎ መቀመጥ ተወኩል አይደለም።

ፀሐይ ጠለቀች። ከመጋላ በኩል የመግሪብ አዛን ተሰማ፤ ከሌላ መስጊድም ሁለተኛው ተከተለ። ወፎቹ ዛፎቹ ላይ ሰፍረው ጫጫታቸውን አበረዱ። አብረን ወደ መስጊድ ስንሄድ አዛውንቱ በአንዲት ትንሽ ጆግ ውዱእ አደረጉ፤ ተርፏቸውም ለእኔ አቀበሉኝ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ፣ ማለትም በሁለት እጅ እፍኝ ያህል ውኃ፣ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር አውቅ ነበር። ሲደረግ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። አምስቱ ሰላቶች በደጃፉ በሚፈስ ወንዝ በየቀኑ አምስት ጊዜ ለሚታጠብ ሰው እድፍ እንደማያስቀሩለት የተነገረው ሐዲስም ትዝ አለኝ። ስንት ጊዜ ነው እጄ በቧንቧው ሥር ሆኖ ልቤ በገበያ የዞረው? ያን ምሽት ውኃው ክንዴን ሲነካው ከደጋ እስከ ቆላ፣ ከአሸዋ እስከ ጆግ የመጣበት መንገድ ታየኝ። ሱጁዴም ከወትሮው ረዘመ።

ወንድሞችና እህቶች! ለተፈኩር ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ከአስርና ከመግሪብ መካከል አሥር ደቂቃ ብቻ ከሥራችንና ከስልካችን እንቀንስ። በሰፈራችን ወንዝ ዳር፣ እርሱ ከሌለ በአንድ ብርጭቆ ውኃ ፊት እንቀመጥና ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ፦ ይህን ማን አመጣው? ቢከለክለንስ ማን ይሰጠናል? ለሰጠን ምን አደረግን? የሦስተኛው መልስ በሰላታችን፣ በቁጠባችንና ለጎረቤታችን ባለን አዘኔታ ካልታየ ያስተነተንን መስሎን ተናፍሰን ብቻ ተመልሰናል።

አላህ (ሱ.ወ.) አይተው ከሚያስተውሉት፣ አስተውለውም ከሚታዘዙት ያድርገን። በዚያ ሌሊት ላለፉት ምሕረቱን ይለግሳቸው። ኣሚን።

ወሏሁ አዕለም።