ለስደተኛ ልጅ ትምህርቱ እስከ መቼ ይቆይ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



የሱዳን ጦርነት እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ከተቀሰቀሰ ወዲህ በመተማና በኩርሙክ በኩል ብዙ ቤተሰብ ወደ አገራችን ገብቷል። ለስደተኛ ሰደቃ ሲሰበሰብ የምሰማው የዱቄት፣ የዘይትና የብርድ ልብስ ስም ነው። ደብተርና እርሳስ ሲነሳ ብዙም አልሰማም። «መጀመሪያ ይብሉ፤ ትምህርቱ ሲረጋጉ ይደርሳል» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ንግግራቸው ከርኅራኄ የመጣ ነው፤ በእኔ አመለካከት ግን ከሲራው ጋር አይገጥምም።

መዲና ላይ ቤትም ዘመድም ያልነበራቸው ሙሃጂሮች ያርፉ የነበረው በመስጊዱ በስተኋላ ሱፋ በሚባለው ጥላ ስር ነበር። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ከእነርሱ አንዱ ናቸው፤ ከረሃብ ብዛት ሆዳቸው ላይ ድንጋይ ያስሩ እንደነበር ራሳቸው ተናግረዋል። እነዚያው የተራቡ ሰዎች በዚያው ስፍራ ይማሩ ነበር። ዑባዳ ኢብኑ ሷሚት (ረ.ዐ.) ለሱፋ ሰዎች ቁርኣንና ጽሕፈት ያስተምሩ እንደነበር አቡ ዳውድ ዘግበዋል። ረሃቡ እስኪያልፍ ትምህርቱ አልቆየም።

«ለልጆቹ ቁርኣን ከቀሩ ይበቃቸዋል» የሚልም አይጠፋም። ቁርኣን መቅራታቸውማ ግዴታችን ነው። ነገር ግን በ2ኛው ዓመተ ሒጅራ ከበድር ዘመቻ በኋላ የሆነውን እናስተውል። ከቁረይሽ ምርኮኞች መካከል የሚከፍሉት ገንዘብ ያልነበራቸውና መጻፍ የሚችሉት የአንሳርን ልጆች ጽሕፈት እንዲያስተምሩ፣ ይህም ቤዛቸው እንዲሆን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ወሰኑ። አስተማሪዎቹ ሙሽሪኮች ነበሩ፤ ስለዚህ ያስተማሩት ዲን ሊሆን አይችልም፤ ፊደል ነው። ያ ማኅበረሰብ ገና ከጦርነት የወጣ፣ ገንዘብም እጅግ የሚያስፈልገው ነበር። ቢሆንም የልጆች ፊደል በዲርሃም ፈንታ ተቆጠረ።

ወደ እኛው አገር ልመለስ። ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ሰሃባዎች አንዳንዶቹ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተዋል፤ እዚህ የተወለዱ ልጆችም ነበሯቸው። ከእነዚህ አንዷ የኻሊድ ኢብኑ ሰዒድ ልጅ ኡሙ ኻሊድ ናት። መዲና ስትገባ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ጌጥ ያለው ልብስ አልብሰዋት «ሰናህ» እንዳሏት ቡኻሪ ዘግበዋል። ቃሉ በሐበሻ ቋንቋ «ያማረ» ማለት ነው፤ በግዕዝ «ሠናይ» የምንለውን ያስታውሰናል። በስደት ላደገች ሕፃን በምታውቀው ቋንቋ ማናገራቸውን ልብ በሉ።

ዛሬ የሱዳን ልጅ መጀመሪያ የሚሰናከለው እዚሁ ላይ ነው። እስከ 5ኛና 6ኛ ክፍል በዓረብኛ ሲማር የቆየ ልጅ እዚህ ሲመጣ አማርኛ ወይም ሌላ የአካባቢ ቋንቋ፣ ከፍ ሲልም እንግሊዝኛ ይጠብቀዋል። ሒሳቡን እያወቀ የጥያቄው ቃል ይጠፋበታል። ከታናናሾቹ ጋር ሲያስቀምጡት ያፍራል፤ ካፈረ ደግሞ ይቀራል። ታዲያ በዚህ ረገድ ከእኛ የተሻለ ማን አለ? በየመድረሳችን ዓረብኛ የሚያውቁ ኡስታዞች አሉ፤ ሌላው ሰው ለዚህ አስተርጓሚ መቅጠር አለበት።

ሁለተኛው ችግር ጊዜ ነው። ወላጆች «በቅርቡ እንመለሳለን» እያሉ ልጁን ሳያስመዘግቡ ይከርማሉ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2023 ሊሰጥ የነበረው የሱዳን የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና የተሰጠው በዲሴምበር 2024 መጨረሻ ነው። ያን ጊዜም በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ባሉ አካባቢዎች የነበሩ ብዙዎች አልተፈተኑም። በራሳችን አገር በትግራይ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በኮሮናና በጦርነቱ ምክንያት ብዙ ልጆች ሦስት ዓመት ያህል ከትምህርት ርቀዋል። በኬንያ የሚገኘው ዳዳብ መጠለያ እ.ኤ.አ. በ1991 ለጊዜው ተብሎ ተከፍቶ እዚያ የተወለዱት ዛሬ ልጆች ወልደዋል።

ሕጉ እንቅፋት አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛ ልጅ በቅድመ መደበኛና በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ከኢትዮጵያዊ እኩል እንዲስተናገድ ይደነግጋል። የሚጎድለው ወላጁን ይዞ ትምህርት ቤቱ ደጅ የሚያደርስ፣ ዓረብኛውን ወረቀት የሚተረጉምለት ሰው ነው።

ስለዚህ የመስጊድ ኮሚቴዎችን የምጠይቀው ይህን ነው። በየሰፈራችሁ ያሉትን የሱዳን ልጆች በክፍል ደረጃቸው መዝግቡ። መድረሳው ክፍት በሚሆንበት ሰዓት ሁለት ክፍል ለቋንቋ ማሻገሪያ ትምህርት ስጡ፤ ለሴቶቹም ሴት አስተማሪ ፈልጉ። ከስደተኞቹም መካከል መምህራን አይጠፉምና ጠይቁ። ለኡስታዙም ደመወዝ ይቆረጥለት። ዑባዳ ከተማሪያቸው ቀስት ሲሰጣቸው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) እንዳስጠነቀቋቸው ጠቅሶ «በነፃ ያስተምር» የሚል ይኖራል፤ ሆኖም ብዙ ዑለማዎች የማስተማር ክፍያን ፈቅደዋል፤ ኡስታዙም የቤት ኪራይ አለበት። ረመዳን ሲቃረብ የዘካና የሰደቃ ዝርዝር በየመስጊዱ ይለጠፋል፤ በዚያ ዝርዝር ላይ ከዱቄቱ ጎን የደብተርና የአስተማሪ ደመወዝ መስመር ይግባበት።