የአካቶ ትምህርት መምህር እንዴት ይዘጋጃል?



በዚህ እትም የምንመለከተው ርእስ ላይ ላዩን ሲያዩት የትምህርት ቢሮና የኮሌጅ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ በየቁምስናው ሕፃናትን ሰብስቦ የሚያስተምር ሁሉ፣ ደመወዝ ቢከፈለውም ባይከፈለውም፣ መምህር ነውና ነገሩ እርሱንም ይነካዋል። ጥያቄው ይህ ነው፦ ማየት ወይም መስማት የተሳናቸውን፣ የአካል ጉዳት ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ልጆች ከሌሎች ልጆች ጋር የሚያስተምር መምህር ምን ተምሮ ወደ ክፍል መግባት አለበት?

በቅድሚያ ሁለት ቃላትን መለየት ያስፈልጋል። «ልዩ ፍላጎት ትምህርት» የሚባለው ለእነዚህ ልጆች የሚያስፈልገው ልዩ ዘዴ፣ መሣሪያና ሙያ ነው። «አካቶ ትምህርት» ደግሞ ልጁ በሰፈሩ ትምህርት ቤት፣ ከእኩዮቹ ጋር እንዲማር ትምህርት ቤቱ ራሱን የሚያስተካክልበት አሠራር ነው። ሁለተኛው ያለ መጀመሪያው አይቆምም። ዓይነ ስውር ልጅ ከሌሎች ጋር በአንድ አግዳሚ ወንበር ስለተቀመጠ ብቻ ተካቷል አይባልም፤ መምህሩ ብሬል ካላወቀና ሰሌዳ ላይ የጻፈውን ጮክ ብሎ ካላነበበለት፣ ያ ልጅ የተገኘው በስም መጥሪያው ላይ ብቻ ነው።

አሳቡ ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በጥንቱ የአብነት ትምህርት ቤት ዜማውም ቅኔውም በቃል የሚጠና ስለ ነበረ ዓይነ ስውር ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር እኩል ይቀጽል ነበር፤ ከእነርሱም መካከል ወንበር ዘርግተው ያስተማሩ መምህራን ወጥተዋል። መስማት ለተሳነው ልጅ ግን ያው የቃል ትምህርት የተዘጋ በር ነበር። እንግዲህ አንዱን ልጅ የሚያስገባውና ሌላውን የሚያስቀረው የማስተማሪያው መንገድ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን፤ መንገዱም በመምህሩ እጅ ነው።

ወደ ዘመናችን ስንመጣ፣ በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልዩ ድጋፍ የሚሹ ልጆች እንዲማሩ ደነገገ፤ የሚያስተምሯቸውም መምህራን በመደበኛው የመምህራን ሥልጠና ውስጥ እንዲዘጋጁ አዘዘ። ከሁለት ወር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጁን 1994፣ የ92 መንግሥታት ተወካዮች በስፔን አገር በሳላማንካ ከተማ ተሰብስበው መደበኛው ትምህርት ቤት ሕፃናትን ሁሉ እንዲቀበል የሚጠይቀውን መግለጫ አጸደቁ። ትምህርት ሚኒስቴርም በ1998 ዓ.ም. የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ አወጣ፤ በ2004 ዓ.ም. አሻሻለው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ስታጸድቅ፣ የስምምነቱን አንቀጽ 24 አብራ ተቀበለች፤ ይህም አንቀጽ መንግሥታት ብሬልና የምልክት ቋንቋ የሚያውቁ መምህራንን፣ አካል ጉዳተኛ የሆኑትንም ጭምር፣ እንዲቀጥሩ ያስገድዳል። የ1986ቱ ፖሊሲ በኋላ በሌላ ቢተካም፣ መምህሩ በመደበኛ ሥልጠናው ውስጥ ይዘጋጅ የሚለው አሳብ ትክክል ነበረ።

ታዲያ ክፍተቱ የት ላይ ነው? በእኔ አስተያየት ሕግ አልጎደለም፤ የጎደለው የእጅ ልምምድ ነው። ለዕጩ መምህራን ስለ ልዩ ፍላጎት ትምህርት አንድ የጋራ ኮርስ ሲሰጥ ተማሪው የጉዳት ዓይነቶችን ስምና ትርጓሜ ያጠናል፤ ይፈተናል፤ ያልፋል። ብሬል ስድስት ነጥብ መሆኑን ያውቃል፤ ነገር ግን ስሌትና ስታይለስ ይዞ በወረቀቱ ጀርባ ከቀኝ ወደ ግራ እየወጋ፣ ገልብጦም ከግራ ወደ ቀኝ በጣቱ አንብቦ አያውቅ ይሆናል። የሦስት ቀን ዐውደ ጥናትም ይህን አይሞላም። አንዱ ሠልጥኖ ለሌላው ያካፍላል፣ ሌላውም ለሦስተኛው የሚባለው አሠራር ውኃን በወንፊት እንደ መቀባበል ነው፤ መጨረሻው ሰው ዘንድ የሚደርሰው የምስክር ወረቀቱ ነው።

ባለሙያዎቹ የሚወጡባቸው ቦታዎች አሉ። በሰበታ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ይታወቃል፤ ከተማይቱም የልዩ ፍላጎት መምህራን የሚሠለጥኑባት ሆናለች። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የልዩ ፍላጎት ትምህርትና የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በዲግሪ ደረጃ ተሰጥተዋል። ነገር ግን ጋምቤላ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። አንድ ባለሙያ እዚያ ሠልጥኖ መጥቶ በጋምቤላ ከተማ ቢቀመጥ፣ ለኢታንግ፣ ለላሬ፣ ለዲማ ወይም ለመቲ ልጅ ምን ይፈይዳል? ለዚህ የታሰበው መፍትሔ የድጋፍ ማዕከልና ተዘዋዋሪ መምህር ነው፤ ይኸውም በአንድ ትምህርት ቤት መሣሪያው ተሰብስቦ፣ ባለሙያው በአካባቢው ባሉ ትምህርት ቤቶች እየዞረ መምህራኑን የሚያግዝበት ነው። መልካም ዘዴ ነው፤ ግን የሞተር ብስክሌቱ ነዳጅ ካልተመደበለት ተዘዋዋሪው መምህር ይቆማል።

የጋምቤላ ልዩ ጥያቄ ግን ቋንቋ ነው፤ በዚህም ጥቂት መቆየት ይገባል። በክልላችን በዝቅተኛ ክፍሎች ትምህርት በአኙዋ፣ በኑዌርና በመዠንግር ቋንቋዎች ሲሰጥ ቆይቷል፤ የሥራ ቋንቋው ደግሞ አማርኛ ነው። የአማርኛ ብሬል ፊደሉን ፈትቶ ይጽፋል፤ በዓይን አንድ ፊደል ሆኖ የሚታየው «ሙ» በጣት ሲነበብ ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ሁለት ምልክት ነው። የአኙዋና የኑዌር ቋንቋዎች የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ ኑዌርኛም በእንግሊዝኛ የማይገኙ ተጨማሪ ፊደላት አሉት። ስለዚህ የአማርኛ ብሬል ብቻ ተምሮ የመጣ መምህር፣ አፉን በኑዌርኛ ለፈታ ዓይነ ስውር ልጅ የሚሰጠው ፊደል ልጁ የማይናገረውን ቋንቋ የሚጽፍ ይሆናል። ሠልጣኙ ከአካባቢው ተወላጆች እንዲመረጥ፣ ሥልጠናውም በጋምቤላ በሚገኘው የመምህራን ትምህርትና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ እንዲጠናከር የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። ከሌላ ክልል የሚመጣ ባለሙያ አይጠላም፤ ነገር ግን ቋንቋውን ሳይለምድ ዝውውር ይጠይቃል፤ እንዲህ ያለውንም ብዙ ጊዜ አይተናል።

መስማት የተሳነው ልጅ ነገር ከዚህም ይከብዳል። ዓይነ ስውሩ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲመጣ የእናቱን ቋንቋ ይዞ ይመጣል። መስማት የተሳነው ልጅ ግን፣ ቤተሰቡ ምልክት ካላወቀ፣ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሞልቶት ምንም ሙሉ ቋንቋ ሳይኖረው ሊመጣ ይችላል። የሰው ልጅ ቋንቋን በቀላሉ የሚቀበልበት ዕድሜ አጭር ነው፤ ያለፈው ዓመት አይመለስም። እንዲህ ያለውን ልጅ ምልክት የሚያውቅ ማንም በሌለበት ክፍል ውስጥ አስገብቶ «ተካተተ» ማለት ስሕተት ነው። የሳላማንካው ሰነድ ራሱ፣ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ልዩ ትምህርት ቤት ወይም በመደበኛው ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ ልዩ ክፍል ይበልጥ ሊስማማ እንደሚችል አልሸሸገም። ለእኛም የሚበጀው፣ መስማት የተሳናቸው ልጆች ቢያንስ በየወረዳው በአንድ ትምህርት ቤት እንዲሰባሰቡ፣ እርስ በርሳቸውም እንዲነጋገሩ፣ የሚያስተምሯቸውም መምህራን መካከል መስማት የተሳነው አዋቂ እንዲኖር ነው።

በዚህ ነገር የቤተ ክርስቲያን ታሪክ አንድ አብነት ይሰጠናል። እ.ኤ.አ. በ1760 አካባቢ በፓሪስ ከተማ አባ ሻርል ሚሼል ደ ሌፔ የተባሉ ካህን፣ አስተማሪያቸው የነበረ ካህን የሞተባቸውን ሁለት መስማት የተሳናቸው እኅትማማቾች አገኙ። ትምህርተ ክርስቶስን ሊያስተምሯቸው ፈልገው በንግግር አልጀመሩም፤ መስማት የተሳናቸው ሰዎች የሚግባቡበትን ምልክት ከራሳቸው ተማሩ፤ ለፈረንሳይኛው ሰዋስው የሚሆኑ ምልክቶችንም ጨመሩበት። ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ለድሆች ያለ ክፍያ ክፍት ነበር። መምህሩ አስቀድሞ የተማሪው ተማሪ መሆኑን ልብ በሉ። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ጌታችን ደንቆሮውን ከሕዝቡ ለይቶ ጆሮውንና ምላሱን በእጁ የዳሰሰው፣ ወደ ሰማይም የተመለከተው፣ ሰውየው ሊረዳው በሚችለው መንገድ ነው።

እንግዲህ እናንተ ካቴኪስቶች የድርሻችሁን እንመልከት። የቤተ ክርስቲያን ሕግ ቀኖና 777 የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸው ሰዎች ሁኔታቸው በፈቀደ መጠን ትምህርተ ክርስቶስን እንዲያገኙ ቆሞሱን ያዝዛል፤ ቆሞሱም በየመንደሩ የሚደርሰው በእናንተ እግር ነው። ከሁሉ አስቀድሞ መለየትን ልመዱ። ጥያቄ ሲጠየቅ ወደ ጎረቤቱ የሚመለከት፣ ከኋላው ሲጠሩት የማይዞር ልጅ እልኸኛ ተብሎ ከመቀጣቱ በፊት ይሰማ እንደ ሆነ ይመርመር። ወረቀት ወደ ዓይኑ የሚያስጠጋ፣ ሲመሽ የሚደናቀፍ ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ትራኮማ በአገራችን ዛሬም ዓይን ያጠፋልና በጊዜ የታከመ ዓይን ይድናል። ስታስተምሩ ብርሃን ፊታችሁ ላይ እንዲያርፍ ቁሙ፤ ወደ ሰሌዳ ዞራችሁ አትናገሩ። ቶሎ ለማይገባው ልጅ ትምህርቱን በትናንሹ ቈርሱለት፤ ማማተብን ለማስተማር አንድ ሳምንት እጅን ወደ ግንባር ማድረስ ብቻ ይበቃል።

በሁለተኛ ደረጃ ከቤት ያልወጡትን ፈልጉ። ወላጆች ልጃቸውን የሚሸሽጉት ባለመውደድ ብቻ አይደለም፤ ሰው እርግማን ነው እንዳይላቸው ይፈራሉ፤ መንገዱ ይርቃል፤ ተሸካሚም ይቸግራል። ስለዚህ ወቀሳ ይዛችሁ አትሂዱ። የልጁን ስም፣ ዕድሜ፣ በቤቱ የሚነገረውን ቋንቋ፣ ምን ማድረግ እንደሚችልና ምን እንደሚቸግረው በደብተር መዝግቡ፤ የሚችለውን አስቀድማችሁ ጻፉ። ከወላጆቹ ጋር ተስማምታችሁ ዝርዝሩን ለቆሞሱና ለአካባቢው ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር አድርሱ፤ ስንት ልጅ እንዳለ ያላወቀ ትምህርት ቤት መምህርም መሣሪያም ሊጠይቅ አይችልምና። ምዝገባው የሚከናወነው ክረምቱ ሲያልቅ ቢሆንም፣ በባሮ ዳር ያሉ ቀበሌዎች መንገዳቸው በጎርፍ ስለሚዘጋ የእነርሱ ዝርዝር እስከ ሰኔ መጀመሪያ መድረስ አለበት።