ዳገት ያቃታት ትንሽ መኪና

በዚህ እትም ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ስለ አንዲት መጫወቻ መኪና ነው። ነገሩ ቀላል መስሎአችሁ ገጹን እንዳትገለብጡት እለምናችኋለሁ፤ በእርስዋ ላይ የአምስት ልጆች ድካም ጠፍቶአል፤ ጥፋተኛውም እኔ ነኝ።

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ ሆሳዕና ስመለስ የሰፈራችን ልጆች በሪሞት የምትነዳ መኪና ሠርተው አገኘኋቸው። ሞተሩንና መቀበያውን ከተሰበረ መጫወቻ አውጥተው፣ አካልዋን ከቆርቆሮ ቀጥቅጠው፣ አራት የባትሪ ድንጋይ፣ ማለትም 6 ቮልት፣ አስገብተውባታል። ድንጋዩን የገዙት በቆሎ ጠብሰው በሸጡበት ገንዘብ ነው። በሜዳ ላይ ደኅና ትሄዳለች፤ ከሰፈራችን ወደ ዋናው መንገድ የሚያወጣው ዳገት ላይ ስትደርስ ግን ቀጥ ትላለች። «ምን ይሻላል?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ሳላስብ «ቮልቱን ጨምሩ» አልሁ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝና ቃሌን ማን ይጠራጠራል? ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጡ ሁለት የሊቲየም ባትሪዎች ቀጠልንላት፤ ሲሞሉ እያንዳንዳቸው 4.2፣ በድምሩ 8.4 ቮልት ይሆናሉ። በሜዳው ላይ በረረች። ዳገቱ ላይ ቆመች፤ ጮኸች፤ ከዚያም ጭስ ወጣ። የሞተሩ ጥቅል ሽቦ ተቃጠለ።

ለመሆኑ ስሕተቱ ምን ላይ ነበር? እንዲህ ያለው ሞተር የሚዞርበት ፍጥነት ቮልቱን ይከተላል። በ1 ቮልት በደቂቃ 1,500 ጊዜ የሚዞር ከሆነ፣ ጭነት በሌለበት በ6 ቮልት 9,000 ጊዜ ያህል ይዞራል። የመግፋት ጉልበቱ ግን የሚመጣው በሽቦው ውስጥ ከሚያልፈው አምፔር ነው፤ አምፔሩም ከፍ የሚለው ሞተሩ ሲከብደው ነው። ፈጽሞ ሲቆም የሚገታው የሽቦው ተቃውሞ ብቻ ይሆናል። ተቃውሞው 1 ኦም ነው እንበል፤ በ6 ቮልት 6 አምፔር ያልፋል፣ ሙቀቱም 36 ዋት ነው። በ8.4 ቮልት ግን 8.4 አምፔር ያልፋል፣ ሙቀቱም 70 ዋት ይደርሳል። ቮልቱን ከግማሽ ባነሰ ጨምረን ሙቀቱን እጥፍ ልናደርገው ጥቂት ቀረን ማለት ነው። እንዲያውም ተራው ድንጋይ በውስጡ የራሱ ተቃውሞ ስላለው ያን ያህል አምፔር አይሰጥም፤ ደካማነቱ ሞተሩን ሲጠብቅልን ኖሮአል። ሊቲየም ግን የተጠየቀውን ሁሉ ይሰጣል። (ሁለቱ ጫፎቹ ቢነካኩ እሳት ያስነሣልና ያለ ፊውዝ አትሞክሩት።)

መድኃኒቱ ያለው በጥርሱ ላይ ነው። ባጃጅ ሦስት ሰው ጭኖ ዳገት ሲጀምር ሾፌሩ ማርሹን ይቀንሳል፤ ሞተሩ ብዙ ይዞራል፣ ጎማው ጥቂት፤ በፍጥነት ፈንታ ጉልበት ይገኛል። በመኪናችን ሞተር ላይ ያለው ትንሹ ማርሽ 10 ጥርስ፣ በጎማው ዘንግ ላይ ያለው ትልቁ 60 ጥርስ ነበራቸው፤ ሞተሩ 6 ጊዜ ሲዞር ጎማው 1 ጊዜ ይዞራል። ትንሹን በ8 ጥርስ ብንለውጠው 7.5 ለ1 ይሆናል፤ ጉልበቱ በሩብ ይጨምራል፣ ፍጥነቱ በአምስተኛ ይቀንሳል። የጎማ ትልቅነትም እንደ ጥርስ ይቆጠራል፤ ልጆቹ ለማማር ብለው ትልቅ ጎማ ማድረጋቸው ዳገቱን ይበልጥ አክብዶባት ነበር።

በዚህ ሥራ የታወቀው የጃፓኑ ታሚያ የመጀመሪያዋን በሬዲዮ የምትነዳ መኪና፣ ፖርሽ 934ን፣ ያወጣው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው። በእንዲህ ያሉ መኪናዎች ለብዙ ዘመን የተለመደው ባትሪ 7.2 ቮልት፣ ይኸውም እያንዳንዳቸው 1.2 ቮልት የሆኑ ስድስት ሴሎች ነበር። ተጫዋቾቹም ለሜዳና ለዳገት ሲያዘጋጁ ባትሪውን ትተው ትንሹን ማርሽ ይለዋውጣሉ። እኔ ይህን ያነበብሁት ሞተሩ ከተቃጠለ በኋላ ነው!

ሌላ ሞተር ከሌላ ስብርባሪ ተገኘ፤ ገንዘቡን በዚህ ጊዜ እኔ ከፈልሁ። ባለ 8 ጥርሱ ማርሽ ከትልቁ ጋር እንዲገጥም የጥርሶቹ መጠን አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ ይህን ፍለጋ ሁለት ቀን ፈጀብን። ሞተሩን ስናስር በሁለቱ ጥርሶች መካከል ቀጭን ወረቀት አስገባን፤ ኋላ ስናወጣው የቀረው ክፍተት እንዳይጣበቁም እንዳይንሸራተቱም ይበቃል። ጎማውን አነስ አደረግን፤ ወደ 6 ቮልትም ተመለስን።

መኪናዋ ዳገቱን በእርጋታ ወጣች፤ እኔም አጠገብዋ በእግሬ ሄድሁ። ላይ ስንደርስ ሞተሩን በጣት ነክተን እስከ አሥር ቆጠርን፤ ሞቅ ብሎአል እንጂ አያቃጥልም። ከልጆቹ ትንሹ አሁን ጠጠር ጭነንባት እንሞክር ይላል፤ ባለ 7 ጥርስ ማርሽ በመፈለግ ላይ ነን።