በቈላው ጋሞ እሬትን ስለ መትከል

እሬት በምሬቱ የታወቀ ተክል ነው፤ ሰው አንድ ነገር እጅግ ሲከፋበት «እንደ እሬት መረረኝ» ይላል። ነገር ግን ምሬቱ በቅጠሉ እንጂ በአበባው አይደለም። አበባው ጣፋጭ ወለላ ስላለው፥ በቈላው ጋሞ ቀፎ ለሚሰቅል ገበሬ ይህ ተክል የንቦቹ መኖ ነው።

የአርባ ምንጭ ከተማ ስሟን ያገኘችው ከግርጌዋ ካለው ደን ውስጥ ከሚፈልቁት ብዙ ምንጮች ነው። ከምንጮቹ ፈቀቅ ያለው፥ ወደ አባያና ወደ ጫሞ ሐይቆች የሚያዘቀዝቀው ድንጋያማ ተዳፋት ግን ደረቅ ነው። ዋናው ዝናም በሚያዝያና በግንቦት፥ ሁለተኛውም በመስከረምና በጥቅምት ይዘንማል፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ምድሩ ይነድዳል። የጨንጫና የዶርዜ ደጋ የእንሰት አገር ነው፤ ለዚህ ተዳፋት የሚስማማው ግን እሬት ነው።

በኢትዮጵያ የእሬት ዐይነት ብዙ ነው። ከእነዚህም አንዱ፥ በሌላ አገር የማይበቅለውና የደቡብ ኢትዮጵያ የሆነው፥ በ1992 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ሰብስቤ ደምሰውና ብራንዳም የተባሉ ሊቃውንት «አሎዌ ጊልበርቲ» በሚል ስም በጽሑፍ አስታውቀውታል።

እሬት ድርቅን የሚችለው ስለ ምን ነው? ሌሎች ዕፀዋት የቅጠላቸውን ቀዳዳ በቀን ሲከፍቱ ፀሓይ ውሃቸውን ትመጥባቸዋለች። እሬት ግን ቀዳዳውን በቀን ዘግቶ በሌሊቱ ቅዝቃዜ ይከፍታል፤ ውሃውንም በወፍራሙ ቅጠል ውስጥ ባለው ዝልግልግ ነገር ያከማቻል። ተማሪዎች ይህን በዓይናቸው ሊያዩት ይችላሉ፤ አንድ የባቄላና አንድ የእሬት ቅጠል ቈርጠው ፀሓይ ላይ ቢያኖሩ፥ ባቄላው በዚያው ቀን ይጠወልጋል፤ እሬቱ ግን ብዙ ቀን ይቈያል።

የሚተከለው በእናቲቱ ሥር የሚበቅለው ቡቃያ ነው። ቁመቱ አንድ ስንዝር ያህል ሲሆን ከሥሩ ጋር በስለት ይለያል፤ የተቈረጠው ቦታ እስኪደርቅ ሦስት ወይም አራት ቀን በጥላ ይቀመጣል። ይህን ያልጠበቀ ሰው ቡቃያው ሲበሰብስበት መሬቱን ይወቅሳል። ከዝናሙ ጥቂት ቀደም ብሎ፥ በመጋቢት መጨረሻ፥ ውሃ በማይቋጥር ጠጠራማ ዐፈር፥ ቅጠሉን ሳይቀብሩ ይተከላል። በእርከን ጠርዝ በተርታ ቢተከል ሥሩ ዐፈሩን ይይዛል፤ ቅጠሉም ስለሚመርር ከብት አይደፍረውም። ውሃ ማብዛት ከድርቅ ይልቅ ይጐዳዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። አብዛኛው የእሬት ዐይነት በገዛ ራሱ የአበባ ዱቄት ፍሬ አይሰጥም። ከአንዲት እናት የተወሰዱ ቡቃያዎች ደግሞ መቶም ቢሆኑ አንድ ተክል እንደ ማለት ናቸው። ስለዚህ አጥሩ ሁሉ ከአንድ ጓሮ ቢመጣ፥ አበባው ያምራል፥ ንቡም ይቀስመዋል፥ ፍሬ ግን አይገኝም፤ ወይም እጅግ ጥቂት ይሆናል። ተማሪ ቤቱ እሬት ሲተክል ከአምስት ወይም ከስድስት ልዩ ልዩ ስፍራ ቡቃያ ያሰባስብ፤ አንድ ዐይነት መሆናቸውንም ይመልከት። ያን ጊዜ ንብና ምንቃሯ ረጅምና ቈልማማ የሆነችው ትንሽዬ የአበባ ወፍ ዱቄቱን ከአንዱ ወደ ሌላው ያደርሳሉ። ወፊቱ ምንቃሯን በቱቦ መሳዩ አበባ ውስጥ ሰድዳ ወለላውን ስትጠጣ ግንባሯ በዱቄት ቢጫ ይሆናል፤ ጧት ጧት ጸጥ ብሎ ለቆመ ልጅ ይህ የሚታይ ነገር ነው።

አበባውን የተሸከመውን ዘንግ ለጌጥ ወይም ለጨዋታ መቍረጥ የንቡን ገበታ ማንሣት ነው። እናቲቱንም ከጫካ ነቅሎ ማምጣት አይገባም፤ አንዲት የተነቀለች እናት ከነቡቃያዋ ትጠፋለችና። ኢትዮጵያ በ1981 ዓመተ ምሕረት የገባችበት፥ በመጥፋት ላይ ያሉ አራዊትና ዕፀዋት ስለሚነገዱበት ሁኔታ የተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነትም የዱር እሬትን ወደ ውጭ አገር ያለ ፈቃድ መሸጥ ይከለክላል።

ቅጠሉ ሲቈረጥ ከልጡ ሥር የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ ብርቱ የሚያስቀምጥ ነው፤ ለልጆችና ለነፍሰ ጡር ሴት ከቶ አይሰጥም። ቡቃያ የለየ ተማሪም እጁን ሳይታጠብ ዓይኑን አይንካ።