የሞቀ ገንዳ በወር ስንት ይበላል?

በዚህ ዕትም የሳይንስ ዓምዳችን የሚያነሣው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲታይ የባለጸጋ ጉዳይ ይመስላል። ይኸውም ጃኩዚ የተባለው፣ ውሃው እየሞቀና እየተናወጠ ሰው ገብቶ የሚዘፈዘፍበት ገንዳ፣ በወር ምን ያህል ኤሌክትሪክ ይፈጃል የሚል ነው። «እንዴ! በኪራይ ቤት በባልዲ ለምንታጠብ ሰዎች ጃኩዚ ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። እዚህ ሐዋሳ ውስጥ ስንቶቻችን ነን በአንድ ግቢ አራት አምስት ሆነን፣ አንድ ቆጣሪ ተጋርተን፣ የመብራት ሂሳብ በመጣ ቁጥር «ቦይለር ሲያበራ ያደረው ማነው?» እየተባባልን የምንኳረፈው? ገንዳውም ቦይለሩም የሚዳኙት በአንድ ስሌት ነው። ገንዳው ትልቅ ስለሆነ ነገሩን አጉልቶ ያሳየናል እንጂ ሌላ ልዩነት የለውም።

ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። ጃኩዚ ከኢጣልያ ወደ አሜሪካ የፈለሰ የአንድ ቤተሰብ ስም ነው። ቤተሰቡ የውሃ ፓምፕ ይሠራ ነበር። ከወንድማማቾቹ አንዱ ካንዲዶ ጃኩዚ በመገጣጠሚያ ሕመም ለሚሠቃይ ልጁ ባኞ ውስጥ የሚገባ ፓምፕ ሠራለት፤ ፓምፑ አብሮት የተገጠመለት ገንዳ ደግሞ በ1968 እ.ኤ.አ. ወጣ። በሙቅ ውሃ መዘፍዘፉ ግን ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ ራሷ የተቆረቆረችው በፍልውሃው አካባቢ ነው፤ እኛም ወንዶ ገነት አለልን። ልዩነቱ እዚያ ማሞቂያውን የምትከፍለው ምድር መሆኗ ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ 4.186 ኪሎጁል ያስፈልጋል። አንድ ኪሎዋት ሰዓት 3,600 ኪሎጁል ስለሆነ፣ ይኸው መጠን 1.163 ዋት ሰዓት ይሆናል። ይህችን ቁጥር በደብተራችሁ ጥግ ጻፏት። ገንዳችን 1,200 ሊትር ይይዛል እንበል፤ ይህ 60 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ውሃው ከቧንቧ በ20 ዲግሪ መጥቶ ወደ 38 ዲግሪ ይድረስ። 1,200 በ18፣ በ1.163 ሲባዛ 25,000 ዋት ሰዓት ያህል፣ ማለትም 25 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጠናል። ለማነጻጸር፣ አንድ ሰው ሻወር ሲወስድ 40 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ቢያፈስ የሚፈጀው 0.84 ኪሎዋት ሰዓት ነው። እንግዲህ ገንዳውን አንድ ጊዜ ማሞቅ 30 ሰው ማጠብ ነው።

አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ስሌቱን ዘግቶ ይነሣል። ዋናው ወጪ ግን ገና አልመጣም። የጃኩዚ ውሃ እንደ ባኞ ውሃ ተጠቅመው አይደፉትም፤ እየተጣራ ለብዙ ሳምንት ይቆያል፤ ባለቤቱም በፈለገ ሰዓት እንዲገባበት ቀን ከሌት በ38 ዲግሪ ይጠበቃል። ስለዚህ ጥያቄው «ለማሞቅ ስንት?» ሳይሆን «ሙቀቱ በምን በኩል ይሸሻል?» መሆን አለበት።

ሙቀቱ የሚሸሸው ከሁሉ ይልቅ በላይ በኩል፣ በእንፋሎት ነው። ትኩስ ቡና በሲኒ ሲቀዳና ሲነፋ ቶሎ የሚበርደው፣ የተከደነ ድስትም ካልተከደነው ቀድሞ የሚፈላው በዚሁ ምክንያት ነው። በ38 ዲግሪ ያለ አንድ ሊትር ውሃ ተንኖ ሲሄድ ከቀረው ውሃ ላይ 2,400 ኪሎጁል ያህል ይዞ ይሄዳል። ይህም 0.67 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ያንኑ ሊትር ከ20 ወደ 38 ለማድረስ የከፈልነው 0.02 ብቻ እንደነበር አስታውሱ። ከሠላሳ እጥፍ በላይ መሆኑ ነው!

ይህን ለመለካት ከማስመሪያ በስተቀር መሣሪያ አያስፈልግም። የገንዳው አፍ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ከሆነ ስፋቱ 4 ካሬ ሜትር ነው፤ ውሃው አንድ ሚሊሜትር ሲጎድል 4 ሊትር ተነነ ማለት ነው፤ ይህም 2.7 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ገንዳው ሳይከደን አድሮ ጠዋት 8 ሚሊሜትር ጎድሎ ቢገኝ፣ በአንድ ሌሊት 21 ኪሎዋት ሰዓት በረረ። ገንዳውን እንደ አዲስ ለማሞቅ ጥቂት የቀረው ነው! በ30 ሌሊት 640 ያህል ይሆናል። ነፋስ ካለ ደግሞ ይብሳል።

በደንብ በሚገጥም ወፍራም የፎም ክዳን የተዘጋ ገንዳ ግን ሌላ ነው። በግድግዳውና በክዳኑ የሚሾልከው በቀን 2.6፣ ሰው ሲገባ በቀን ለአንድ ሰዓት ክዳኑ ሲነሣ 2፣ አንድ ኪሎዋት የሚስበው ፓምፕ ሁለት ሰዓት ሲሠራ 2 ኪሎዋት ሰዓት እንያዝ። ተደምሮ በወር 198 ነው፤ የመጀመሪያው ማሞቂያ 25 ሲጨመርበት 223 ኪሎዋት ሰዓት። ሌሊት ሌሊት ክፍት የሚያድረው ገንዳ 860 ይደርሳል። ገንዳው ያው፣ ውሃውም ያው ነው።

በብርስ? ታሪፉ በፍጆታ መጠን በደረጃ የተከፋፈለ ነው፤ ብዙ የሚጠቀም ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለውም ይበልጣል። ከታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ማሻሻያ በፊት ከ500 በላይ ለሚጠቀም መኖሪያ ቤት የመጨረሻው ደረጃ ዋጋ 70 ሣንቲም ያህል ነበር። በመስከረም 2017 ዓ.ም. የጀመረው ማሻሻያ ደግሞ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ የሚጨምር ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ከራሳችሁ ደረሰኝ ላይ ውሰዱ። ለልምምድ ያህል 5 ብር ብንል፣ የተከደነው 1,115 ብር፣ ያልተከደነው 4,300 ብር ይሆናል። ሦስት ሺህ ከምናምን ብር በየወሩ ወደ ሰማይ ተነነ ማለት ነው።

ወደ ግቢያችን ክርክር እንመለስ። «ቦይለርን አጥፍቶ እንደገና ማብራት ይበልጥ ይበላል» የሚል ወሬ በየግቢው አለ፤ በአስተማሪ አፍም ሲነገር ሰምተናል። ትክክል አይደለም። ሙቀት የሚሸሸው በውሃውና በአካባቢው አየር መካከል ባለው ልዩነት መጠን ነው፤ ቦይለሩ ጠፍቶ ውሃው እየቀዘቀዘ ሲሄድ የሚሸሸውም እየቀነሰ ይሄዳል። መልሶ ለማሞቅ የሚከፈለው የሸሸው ያህል እንጂ ከዚያ በላይ አይደለም።

ላላመነ ሰው ፈተናው ቀላል ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ፣ ሁሉም ከታጠበ በኋላና ውሃው መልሶ ሲሞቅ፣ ቆጣሪውን አንብቡ፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ድገሙ። ፍሪጅ ያለው ግቢ ከሆነ አንድ ሌሊት ቦይለሩ በርቶ፣ ሌላ ሌሊት ደግሞ ጠፍቶ ይደርና ልዩነቱ ይወሰድ። ሁለት ሦስት ጊዜ መደጋገሙም አይከፋም። ልዩነቱ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ቢሆን፣ ቀን ከሌት ለሚበራ ቦይለር በወር 40 ይሆናል፤ ማንም ሳይታጠብበት 47 ሰው የሚያጥብ ኃይል ነው። እንዲህ ሲሆን ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ የታጠበው ጎረቤት ሳይሆን ማንም ሳያጠፋው የተረሳው ማብሪያ ይሆናል። ሂሳቡን በምትካፈሉበት ዕለት ቁጥሩን በወረቀት ይዛችሁ ቅረቡ፤ አከራያችሁንም ከቆጣሪው ፊት ጋብዟቸው።

መልመጃ፦ ከአንድ ፍልውሃ በሴኮንድ አንድ ሊትር ውሃ በ60 ዲግሪ ቢፈስና ገንዳ ውስጥ እስከ 38 ዲግሪ ቢበርድ፣ በአንድ ቀን ስንት ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል? ይህ የተከደነ ገንዳችንን ስንት ወር ያሞቃል? ስሌታችሁን ከነአሠራሩ ጽፋችሁ ለዓምዱ አዘጋጆች ስጡ፤ በሚቀጥለው ዕትም እንለጥፈዋለን።