የቁስጥንጥንያ የፈረስ እሽቅድድም ሜዳ
(ሕዝብ ከንጉሥ ጋር ይነጋገርበት ስለ ነበረው ስፍራ አጭር ጥናት)

የአንድ ከተማ ታሪክ በቤተ መንግሥቱና በቤተ ጸሎቱ ብቻ የሚገኝ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ንጉሡ የተኛበትን ወይም ካህኑ የቀደሰበትን ቤት ሳይሆን፣ ሕዝቡ ተሰብስቦ ይስቅበት፣ ይወራረድበትና ይጮኽበት የነበረውን ሜዳ ነው። ይህም ሜዳ በዛሬው ስሙ ኢስታንቡል በሚባለው በቁስጥንጥንያ ከተማ የነበረው ታላቁ የፈረስ እሽቅድድም ስፍራ ነው። ግሪኮች «ሂፖድሮም» ይሉታል፤ «ሂፖስ» ማለት ፈረስ፣ «ድሮሞስ» ማለት ደግሞ ሩጫ ነው። ዘመኑን የምንቆጥረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ከወዲሁ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

፩. ሜዳው እንዴት እንደ ተሠራ

ከተማይቱ ቁስጥንጥንያ ከመባሏ በፊት ቢዛንጥዮን ትባል ነበር። የሮማው ንጉሠ ነገሥት ሴፕቲምዮስ ሴቬሮስ በጠላትነት ከበባትና በ196 ዓ.ም. ግንቧን አፈረሰ፤ ኋላ ግን ተጸጽቶ እንደ ገና ሊያሳምራት ስለ ፈለገ፣ ከሠራላት ነገሮች አንዱ የፈረስ ሜዳ ነበር። ሥራው የተጀመረው በ203 ዓ.ም. ገደማ ነው ይባላል። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ታላቁ ቆስጠንጢኖስ ከተማይቱን አዲስ መናገሻ ሲያደርጋት ሜዳውን አስፋፋው። ማይ 11 ቀን 330 ዓ.ም. ከተማይቱ ስትመረቅ በዓሉ የተከበረው በዚሁ ሜዳ ነበር።

ሜዳው ወደ 450 ሜትር ርዝመትና ከ120 እስከ 130 ሜትር የሚደርስ ስፋት ነበረው። ምን ያህል ሰው ይይዝ እንደ ነበር ሊቃውንት አይስማሙም፤ ሠላሳ ሺህ የሚሉ አሉ፣ መቶ ሺህ የሚያደርሱትም አሉ። በአንዱ ጫፍ ፈረሶቹ የሚነሡባቸው በሮች ነበሩ፤ በሌላው ጫፍ ሜዳው እንደ ግማሽ ክብ ይታጠፋል። በመካከል ረጅም መደብ ተሠርቶ ሐውልት ተደርድሮበታል። ባለ አራት ፈረስ ሠረገሎች ይህን መደብ ሰባት ጊዜ ይዞሩታል። አደጋው የሚበዛው በመታጠፊያው ላይ ነበር፤ ምክንያቱም ነጂው አጭሩን መንገድ ለማግኘት ወደ መደቡ መጠጋት ግድ ይሆንበታል፤ ከልክ በላይ የተጠጋ እንደ ሆነ ግን መንኰራኵሩ ይሰበራል።

ከሁሉ የሚያስገርመው የንጉሡ መቀመጫ ነው። ይህ ሰገነት በውስጥ መተላለፊያ ከቤተ መንግሥቱ ጋር የተያያዘ ስለ ነበረ፣ ንጉሡ ወደ ሕዝቡ ሳይወርድ ከእልፍኙ ተነሥቶ በሕዝቡ ፊት ይታይ ነበር። በዚያ ዘመን ተራ ሰው ንጉሥን ፊት ለፊት አይቶ ድምፁን ሊያሰማ የሚችለው በዚህ ሜዳ ላይ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ግብር የከበደበት፣ ዳኛ የበደለው፣ እህል የተወደደበት ሁሉ በእሽቅድድም ቀን በአንድ ድምፅ ይጮኻል፤ ንጉሡም በዐዋጅ ነጋሪው አፍ ይመልሳል። ስለዚህ ሜዳውን እንደ መጫወቻ ብቻ ሳይሆን እንደ ሸንጎም ልናየው ይገባናል።

፪. አራቱ ቀለሞች

ነጂዎቹ የሚለብሱት ልብስ በአራት ቀለም የተከፈለ ነበር፤ እነዚህም ቀይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ናቸው። ልማዱ ከሮማ የመጣ ነው። እየዋለ ሲያድር ግን ቀዩና ነጩ ደከሙና ከተማው በሰማያዊና በአረንጓዴ ተከፈለ። ማኅበሮቹ ፈረስ፣ ነጂ፣ ዘፋኝና አራዊት ጠባቂ ነበሯቸው። ኋላ የንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ ሚስት የሆነችው ቴዎዶራ የአረንጓዴዎቹ ድብ ጠባቂ ልጅ ነበረች። አባቷ በሞተ ጊዜ አረንጓዴዎቹ ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጡ፤ ቤተሰቡን ያነሡት ሰማያዊዎቹ ነበሩ። በልጅነቷ የደረሰባትን አልረሳችም፤ ንግሥት ከሆነች በኋላም ልቧ ከሰማያዊዎቹ ጋር ነበረ።

በዚያ ዘመን ከታወቁት ነጂዎች አንዱ ፖርፊርዮስ የተባለ በሊብያ የተወለደ ሰው ነው። በ500 ዓ.ም. አካባቢ እጅግ ገናና ስለ ነበረ በሕይወቱ ሳለ ሐውልት ተተከለለት፤ ከሐውልቶቹም የሁለቱ መቆሚያ ድንጋይ እስከ ዛሬ በኢስታንቡል የጥንታዊ ዕቃ ቤተ መዘክር ይገኛል። ለእኛ ግን ከዝናው ይልቅ አንድ ነገር ይበልጥ ያስተምረናል፤ ፖርፊርዮስ አንድ ጊዜ ለሰማያዊ፣ ሌላ ጊዜ ለአረንጓዴ ይነዳ ነበር። በመቀመጫው ላይ ያለው ጐረምሳ ስለ ቀለሙ ጐረቤቱን በጩቤ ሲወጋ፣ ነጂው ራሱ ቀለሙን እንደ ሸማ ይለውጥ ነበር ማለት ነው።

፫. የሌላ አገር ሐውልቶች

በመካከለኛው መደብ ላይ የተደረደሩት ሐውልቶች አብዛኞቹ በዚያች ከተማ የተሠሩ አልነበሩም። ባለ ጽሕፈቱ የግብፅ ድንጋይ በፈርዖን ቱትሞስ ሦስተኛ ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት፣ በካርናክ ቤተ መቅደስ የቆመ ነበር። ንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ በ390 ዓ.ም. በሜዳው ላይ አስተከለው። በመቆሚያው ላይ ንጉሡ ለአሸናፊው የሚሰጠውን አክሊል ይዞ በሰገነቱ ላይ ሲታይ፣ ከበታቹ ዘፋኞችና ተመልካቾች ተቀርጸዋል። ከዚህ አጠገብ ሦስት እባቦች እንደ ገመድ የተገመዱበት የነሐስ ዓምድ አለ። ይህም ግሪኮች ፋርስን በ479 ዓመተ ዓለም ቅድመ ክርስቶስ ድል ካደረጉ በኋላ በዴልፊ ያቆሙት ነው፤ በጦርነቱ የተባበሩት የ31 ከተሞች ስም ተጽፎበታል።

ኃያል መንግሥት የሌላውን ሕዝብ ሐውልት ነቅሎ በፈረስ ሜዳው ላይ መትከል ይወድዳል። ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። የአክሱም ሐውልት በ1937 ዓ.ም. በፋሺስቶች ተወስዶ የቆመው በሮማ ከተማ ከጥንታዊው የፈረስ ሜዳ፣ ከቺርኮ ማሲሞ አጠገብ ነበር። አገሩ የገባው በ2005፣ በቦታው የቆመውም በ2008 ዓ.ም. ነው። የነገሥታት ልማድ ዘመን ቢለወጥም አልተለወጠም ነበር ማለት ይቻላል።

፬. የ532ቱ ዓመፅ

ዮስጢንያኖስ በነገሠ በአምስተኛው ዓመት ከተማይቱ በግብር ተማርራ ነበር። ይህ ንጉሥ ከአገራችን ታሪክም ጋር ግንኙነት አለው፤ በ531 ዓ.ም. አካባቢ ዩልያኖስ የተባለውን መልእክተኛ ወደ አክሱም ንጉሥ ወደ ዐፄ ካሌብ ልኮ፣ ሐር ከህንድ እየገዙ ለሮማውያን እንዲሸጡና በፋርስ ላይ እንዲተባበሩት የለመነ እርሱ ነው። ከፋርስ ጋር ያለው ጦርነት ገንዘብ ይጠይቃል፤ ገንዘቡም የሚሰበሰበው ከሕዝብ ነበር።

በ532 ዓ.ም. በጃንዋሪ ወር መጀመሪያ በነፍስ ግድያ የተፈረደባቸው የሁለቱም ወገን ሰዎች ሲሰቀሉ መስቀያው ተሰበረና ሁለቱ ከሞት ተረፉ፤ አንዱ ሰማያዊ ነበር፣ አንዱ አረንጓዴ። መነኮሳት ወስደው በቤተ ክርስቲያን አስጠጓቸው፤ የከተማው ገዥ ግን ወታደር አስቀመጠባቸው። በጃንዋሪ 13 ቀን እሽቅድድም በሆነ ጊዜ ሁለቱም ወገኖች ንጉሡን ምሕረት ለመኑት። ንጉሡ አልመለሰም። ሌላ ሩጫ ተሮጠ፤ እንደ ገና ለመኑ፤ አሁንም ዝም አለ። እንዲህ እያለ እስከ ሃያ ሁለተኛው ሩጫ ደረሰ። በዚህ ጊዜ ነበር ሁለቱ ባላጋራዎች ስለ ሰማያዊና ስለ አረንጓዴ አንድነት በአንድ አፍ የጮኹት። ለነጂዎቻቸው ይሉት የነበረውን «ኒካ»፣ ማለት «ድል አድርግ» የሚለውን ቃል፣ የዓመፅ ምልክት አደረጉት።

በዚያ ሌሊት የገዥው ቤት ተቃጠለ። በሚቀጥሉት ቀናት እሳቱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወደ አያ ሶፍያ ደረሰ፤ የሳምሶን የድኾች ሆስፒታልም ከነሕመምተኞቹ ጋየ። ሕዝቡ ሦስት ባለ ሥልጣኖች እንዲሻሩ ጠየቀ፤ ከእነርሱም የግብር ኀላፊው የቀጰዶቅያው ዮሐንስና ሕግ ዐዋቂው ትሪቦንያኖስ ይገኙባቸዋል። ንጉሡ ሻራቸው፤ ግን ዘግይቶ ነበር። ጃንዋሪ 18 ቀን ወንጌል ይዞ በሰገነቱ ላይ ቆሞ ምሕረት ቢያውጅም የሚያምነው ጠፋ። ሕዝቡም የቀድሞውን ንጉሥ የአናስታስዮስን የእኅት ልጅ ሂፓትዮስን ያለ ፈቃዱ አነገሠው።

ዮስጢንያኖስ በመርከብ ሊሸሽ ሲያስብ ያስቀረችው ቴዎዶራ እንደ ሆነች ታሪክ ጸሐፊው ፕሮኮፕዮስ ይተርካል። ከዚያ በኋላ የተደረገው ሁለት ዓይነት ሥራ ነው። አንደኛው የወርቅ ሥራ ነበር፤ ጃንደረባው ናርሴስ ወደ ሰማያዊዎቹ ሄዶ ገንዘብ አከፋፈለ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ የዮስጢንያኖስን ስም መጥራት ጀመሩ። ሁለተኛው የሰይፍ ሥራ ነበር፤ አንድነቱ በተሰነጠቀ ጊዜ የጦር አለቆቹ ቤሊሳርዮስና ሙንዱስ በየበሩ ገቡ። ሙንዱስ የገባበት በር ስሙ «የሞት በር» ይባል ነበር። ፕሮኮፕዮስ እንደ ጻፈው ከሠላሳ ሺህ የሚበልጥ ሰው በሜዳው ላይ አለቀ። ሂፓትዮስም በማግስቱ ተገደለና ሬሳው ወደ ባሕር ተጣለ። ለብዙ ዓመታት እሽቅድድም አልተደረገም።

፭. ሜዳው እንዴት እንደ ጠፋ

ሜዳው የጠፋው በአንድ ቀን አይደለም። ቀለሞቹ እስከ ሰባተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ በንጉሥ ለውጥ ውስጥ እጃቸውን ያስገቡ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ቀስ በቀስ የቤተ መንግሥት ሥርዐት ማድመቂያ ሆኑ። በአሥረኛው መቶ ዓመት የሰማያዊና የአረንጓዴ አለቆች ሥራ በበዓል ቀን የተወሰነ ውዳሴ ማሰማት ነበር። ድንጋዩ ሳይፈርስ የሸንጎው ነፍስ ወጣች ማለት ነው።

በ1204 ዓ.ም. አራተኛው የመስቀል ጦር ከተማይቱን ዘረፈ። በሜዳው የነበሩትን የነሐስ ሐውልቶች አቅልጠው ገንዘብ መቱባቸው። ከከተማይቱ የተወሰዱት አራቱ የነሐስ ፈረሶች ወደ ቬኒስ ሄደው በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ቆሙ፤ ናፖሌዎን በ1797 ወደ ፓሪስ ወሰዳቸው፤ በ1815 ተመለሱ፤ ይሁን እንጂ ወደ ቬኒስ እንጂ ወደ ቁስጥንጥንያ አልነበረም። ቀማኛ ለቀማኛ ሲመልስ ባለቤቱን የጠየቀ የለም።

ቱርኮች ከተማይቱን በ1453 ሲይዙ ሜዳው ቀድሞውኑ ፍርስራሽ ነበር። እነርሱም «አት ሜይዳኒ» አሉት፤ «የፈረስ ሜዳ» ማለት ነው። በዚያም «ጂሪት» የሚባለውን፣ ፈረሰኛ ፈረሰኛን በዘንግ የሚወረውርበትን፣ የእኛን ጉግስ የሚመስል ጨዋታ ይጫወቱበት ነበር። በ1582 ሱልጣን ሙራድ ሦስተኛ ለልጁ ግርዛት ያደረገው ድግስ ከኀምሳ ቀን በላይ በዚሁ ስፍራ ቈየ። ከ1609 እስከ 1616 የሱልጣን አሕመት መስጊድ ከጐኑ ተሠራ፤ መቀመጫዎቹም ድንጋያቸው እየተወሰደ አለቀ። መሬቱ ከዘመን ወደ ዘመን ስለ ከፍ አለ፣ የጥንቱ መሮጫ ዛሬ አራት አምስት ሜትር ያህል ከእግር በታች ነው። ከላይ የቀሩት ሐውልቶቹና የግማሽ ክቡ መሠረት ናቸው።

ሆኖም አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍም። በ1919 ዓ.ም. ማይ 23 ቀን፣ ኢዝሚር በጠላት ከተያዘች በኋላ፣ የኢስታንቡል ሕዝብ ተቃውሞውን ለማሰማት በዚሁ አደባባይ ተሰበሰበ፤ ሴቲቱ ደራሲ ኻሊዴ ኤዲብም በሕዝቡ ፊት ቆማ ንግግር አደረገች። ሕዝቡ ይጮኽበት የነበረው ስፍራ ጩኸቱን አልረሳም ያሰኛል።

፮. ከዚህ ምን እንማራለን

እንግዲህ ጓደኞቻችን፣ ይህን ታሪክ ያነሣነው ስለ ፈረስ ፍቅር ብቻ አይደለም። በመጀመሪያ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ የሚለው ልዩነት ፍሬ ነገር አልነበረውም ብለን እናስባለን፤ ሁለቱም አንድ ዳቦ ይበሉ ነበር፣ አንድ ግብር ይከፍሉ ነበር። ይህን ያወቁት ግን በአንድ መስቀያ ላይ ከተንጠለጠሉ በኋላ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ቃል በአምስት ቀን ውስጥ እውነትነቱ ታየ፤ ድሩም በጥቂት ወርቅ ሲበጠስ ታየ።

ሁለተኛ፣ ሕዝቡም ከነቀፌታ አያመልጥም። የበደለውን ገዥ ቤት የጀመረ እሳት የድኾችን ሆስፒታል አቃጥሎ አረፈ። በደል የደረሰበት ሁሉ የሚያደርገው ሁሉ ትክክል ነው የሚል ሰው፣ እነዚያን ሕመምተኞች ያስታውስ።

ሦስተኛውና ዋናው ግን ይህ ነው። ሕዝብ ድምፁን የሚያሰማበት ስፍራ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ የሚመልስም ያስፈልጋል። ሃያ ሁለት ሩጫ ሙሉ የተለመነው ነገር የሁለት ሰዎች ነፍስ ብቻ ነበር። አንድ ቃል በጊዜው ቢነገር ኖሮ ሠላሳ ሺህ ሰው ባልሞተ ነበር ለማለት እንደፍራለን። መልስ ያጣ ልመና ጩኸት ይሆናል፤ መልስ ያጣ ጩኸት ደግሞ እሳት። ገዢ ለሚሆንም ተገዢ ለሚሆንም፣ የማኅበር መሪ ለሚሆንም ለአባሉም፣ በዚያ ከመሬት በታች በተቀበረው ሜዳ የተጻፈው ትምህርት ይህ ይመስለናል።