የእግር ጉዞ መቼ ነው ትግል የሚሆነው?

በእኛ ሳንሱሲ ታክሲ ሲጠፋ በእግር መሄድ ብርቅ አይደለም። ያ ግን ችግር እንጂ ትግል አይባልም። ታዲያ ጉዞ መቼ ነው ሰላማዊ ትግል የሚሆነው? በዚህች አጭር ጽሑፌ ሁለት ጉዞዎችን አነጻጽራለሁ።

አንደኛው «ጉዞ ዓድዋ» ነው። በ2006 ዓ.ም. ጥቂት ወጣቶች ከአዲስ አበባ ተነስተው 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል በእግራቸው በመጓዝ ለየካቲት 23 በዓል ዓድዋ ገቡ። ዓላማቸው በ1888 ዓ.ም. በዚያ የተገኘውን ድል መዘከር ነበር።

ሁለተኛው የቲቤት ስደተኞች ጉዞ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ በላሳ የተነሳው የ1951 ዓ.ም. አመፅ መታሰቢያ ዕለት፣ 100 ያህል ስደተኞች ከህንዷ ዳራምሳላ ወደ አገራቸው በእግር ጉዞ ጀመሩ። የህንድ ፖሊስ በቀናት ውስጥ ያዛቸው። ሌሎች ተተክተው ቀጠሉ።

ልዩነቱ ግልጽ ነው። የእኛዎቹ የሄዱት ነፃነቱ ወደተረጋገጠ ምድር ነው፤ ቲቤታውያኑ ግን ወደተዘጋ ድንበር።

እንግዲህ አንዳንዱ «ካልደረሱ ምን ፋይዳ አለው?» ይል ይሆናል። እውነት ነው፣ ጉዞው ቲቤትን ነፃ አላወጣም። በእኔ አስተያየት ግን የሰላማዊ ጉዞ ጉልበቱ መድረሱ ላይ ብቻ አይደለም። መሣሪያ ያልያዘ፣ ድንጋይ ያልወረወረ መንገደኛን የሚያስቆም መንግሥት «ለምን አስቆምከው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት አለበት። ተጓዡ ዱላ ካነሳ ግን ያ ጥያቄ ወዲያው ይጠፋል። ጉዞን ትግል የሚያደርገው ይኸው ነው እላለሁ።